«ለምን እኔን?» ብሎ የመጠየቅ መብት

ጊቫት ኦልጋ የእስራኤሏ የሀደራ ከተማ የባሕር ዳር ሰፈር ነው። በሰሜን በኩል የኤሌክትሪክ ማመንጫው ረጃጅም የጭስ ማውጫዎች ከሩቅ ይታያሉ፤ በምሥራቅ የባሕር ዳሩ አውራ ጎዳና ሰፈሩን ከመሀል ከተማው ለይቶት ያልፋል። ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቤተሰቦች እዚህ ይኖራሉ። እዚህ ካደጉ ወጣቶች ጋር ስለ መንግሥት ጨዋታ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ የሚሰማው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ ማታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ የፖሊስ መኪና መጥቶ ቆመ፤ «ተዑዳት ዜሁት» አለን፤ መታወቂያችንን ሰጠነው፤ ቁጥሩን በሬዲዮ አስተላለፈ፤ ትንሽ አቆየን፤ መልሶልን ሄደ። ከመካከላቸው አንዱ «ለምን እኛን?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

የፖለቲካ ሳይንስ መግቢያ መጻሕፍት በመጀመሪያ ምዕራፋቸው የሚደረድሯቸው ታላላቅ ጽንሰ ሐሳቦች፣ ማለትም አገረ መንግሥት፣ ኃይል፣ ሥልጣን፣ ቅቡልነት፣ ዜግነትና ውክልና፣ በዚያ አግዳሚ ወንበር ዙሪያ ሁሉም ይገኛሉ። ከሁሉም አስቀድሜ የማነሣው ቅቡልነትን ነው። የታዘዘው ሰው ትእዛዙን የሚቀበለው ስለፈራ ብቻ ነው ወይስ አዛዡ ሊያዘው እንደሚገባ ስላመነ? በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚለካው፣ በእኔ እምነት፣ ደካማው ወገን ያንኑ ሥልጣን በበኩሉ ሊጠራውና ምክንያት ሊጠይቀው መቻሉ ነው።

ጀርመናዊው ማክስ ቬበር በ1919 ሙኒክ ውስጥ ባደረገው ዝነኛ ንግግር አገረ መንግሥትን ሲተረጉም፣ በአንድ በተወሰነ ግዛት ውስጥ በቅቡል አካላዊ ኃይል የመጠቀምን መብት ለራሱ ብቻ ጠቅልሎ የያዘ የሰዎች ማኅበር ነው ብሎታል። ይህን ትርጓሜ የሚጠቅሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት የኋለኛውን ግማሽ ነው፤ ጠመንጃውና እስር ቤቱ በአንድ እጅ መሆናቸውን። «ቅቡል» የምትለዋ ግን የትርጓሜው ምሰሶ ናት። ኃይልማ ሽፍታም አለው። የቋራ በረሃ ሽፍታ መንገደኛውን አስቁሞ ያለውን እንዲያወርድ ሲያዝ ይታዘዙታል፤ ሥልጣን አለው የሚል ግን የለም።

እስራኤል ውስጥ ዕድሜው 16 የሞላ ነዋሪ ሁሉ መታወቂያውን እንዲይዝና ፖሊስ ሲጠይቀው እንዲያሳይ የሚያስገድደው ሕግ የወጣው በ1982 ነው። ሕጉ ማንንም በቀለሙ አይለይም፤ የሁሉም ነው። ነገር ግን ለሁሉም የተጻፈ ሕግ በመንገድ ላይ የሚሠራው በአንድ ሰው ዓይን ነው፤ ፖሊሱ በቀን ከሚያልፉት መቶዎች መካከል የትኛውን እንደሚያስቆም የሚመርጠው ራሱ ነው። ምርጫው ደጋግሞ ጥቁር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሕጉ በወረቀት ላይ እኩል ሆኖ ሳለ በተግባር የአንዱ ወገን ሸክም ይሆናል። ይህን ይዞ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከቀረቡት መካከል «ጠበቃ» የተባለው የቤተ እስራኤል ልጆች የሕግ ድርጅት ይገኝበታል። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2021 በሰጠው ውሳኔ፣ ምንም ምክንያታዊ ጥርጣሬ በሌለበት ሰውን አስቁሞ መታወቂያ መጠየቅ በተግባር አግቶ ማቆየት ከሆነ ፖሊስ ለዚያ ሥልጣን የለውም፣ ይህን የሚፈቅደው የፖሊስ መመሪያም ሊጸና አይችልም አለ።

ይህ ውሳኔ ትልቅ ነው የምለው ፖሊስን ስለገሠጸ አይደለም። «ለምን እኔን?» የሚለው የልጆቹ ጥያቄ ድፍረት መሆኑ ቀርቶ የሕግ ጥያቄ ስለሆነ ነው። ከውሳኔው በኋላ አስቁሞ የሚያቆየው ፖሊስ በውስጡ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ መነሣት አለበት። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ውሳኔውን ያንብብ አያንብብ ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኞቹ አላነበቡትም።

የእነዚህ ልጆች አያቶች ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቁት ነበር። በጎንደርም በወገራም በሰሜንም፣ ጉልበተኛ በገበያ ወይም በእርሻ ድንበር ላይ ሲገፋው አቅም ያነሰው ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ ገፊው እጁን መሰብሰብ ነበረበት። በአጠገባቸው ዳኛ የለም፣ ዘብ የለም፣ ጣቢያም የቀናት መንገድ ነው። ያም ሆኖ ቃሉን ጥሶ የመታ ሰው ከመጀመሪያው ጥፋቱ ይልቅ በዚህ ይወነጀል ነበር፤ የጣሰው የጎረቤቱን መብት ብቻ ሳይሆን የሕጉን ክብር ነውና። ሁለቱ ባላጋራዎች ጋቢያቸውን ቋጥረው ተያይዘው፣ አንዱ አንዱን ሳይሸሸው፣ ዳኛ ፍለጋ ሲሄዱ ማየት ለባላገሩ ብርቅ አልነበረም። መንገደኛውም ቢሆን ዳኛ እንዲሆን ሊጠየቅ ይችል ነበር፤ ሰነፍ ካልሆነ በቀር ከዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ያዳምጣል።

ያንን ሥርዓት ማሞካሸት አልፈልግም። ያው አገር ቤተ እስራኤልን ርስት ከልክሎ ኖሯል፤ በቡዳነት የተጠረጠረ ቀጥቃጭ «በሕግ አምላክ» ቢልም ሁልጊዜ የሚሰማው አላገኘም። ነገር ግን በልማዱ ውስጥ አንድ ጥልቅ የፖለቲካ ሐሳብ አለ። የሕግን ሥልጣን ባለበትም በሌለበትም ቦታ የሚጠራው ያጠቃው አይደለም፤ የተጠቃው ነው። ሥልጣን ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ሳይሆን ከታች ያለውም አፉን ከፍቶ የሚያወርደው ነገር ሆኖ ይታያል። ሽምግልናም የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ ሽማግሎቹ ፖሊስ የላቸውም፤ ውሳኔያቸው የሚጸናው ከሳሽም ተከሳሽም የልቡን ተናግሮ፣ «በምን አጠፋሁ?» ብሎ ጠይቆ፣ ምክንያቱን በሰው ፊት ሰምቶ ስለሚነሣ ነው።

ቬበር የቅቡልነትን ምንጭ በሦስት ይከፍለዋል። አንዱ ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው፤ ሁለተኛው የአንድ ሰው የተለየ ሞገስ፤ ሦስተኛው በሥርዓት የወጣ ሕግ። ሀደራ ውስጥ ሦስቱን በአንድ ሳምንት ማየት ይቻላል፤ ሲጋጩም ጭምር። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግጭት የቄሶቹ፣ ማለትም የቤተ እስራኤል የሃይማኖት አባቶች፣ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቄሱ ያጋባ፣ ይቀብር፣ የጾሙን ቀን ይናገር፣ የተጣላውን ያስታርቅ ነበር። እስራኤል ሲገባ ግን የአይሁዶች ጋብቻ በሕግ የረቢነት ተቋም ነው፤ በአገሩ ውስጥ ሌላ መንገድ የለም። በ1973 የሴፋርዲ ጠቅላይ ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ፈርደው ነበር። እንዲያም ሆኖ በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ የመጡት ለመጋባት ሲቀርቡ ረቢነቱ እንደ አዲስ ገቢ ውኃ ውስጥ የመጥለቅ ሥርዓት ፈጽሙ አላቸው። በረሃ አቋርጠው፣ ልጅና ወላጅ በመንገድ ቀብረው ለመጡ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደነበረ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም። በ1985 መጸው ኢየሩሳሌም በሚገኘው የጠቅላይ ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ገደማ ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ከሀደራ በስተደቡብ ባለችው ነታንያ ረቢ ዳዊድ ሸሉሽ ያለዚያ ሥርዓት ያጋቧቸው ነበር፤ ከየከተማው ሙሽሮች ወደ እርሳቸው ይሄዱ ነበር።

በኋላ ላይ አንዳንድ ቄሶች በየከተማው የሃይማኖት ምክር ቤት ሥር ደመወዝ ተቆረጠላቸው። ደመወዙ ክብር ነው ያለ አለ፤ ቄሱን ሠራተኛ ማድረግ ነው ያለም አለ። እኔ ወደ ሁለተኛዎቹ አደላለሁ። ማኅበረሰቡ በፈቃዱ የሚሰማውን ሰው መንግሥት በደመወዝ መዝገብ ሲያስገባው ለተሰሚነቱ የጨመረለት ነገር የለም፤ የማጋባት ሥልጣኑን ደግሞ አልመለሰለትም። ተሰሚነት ያለ ሥልጣን በአንድ በኩል፣ ሥልጣን ያለ ተሰሚነት በሌላ በኩል ቆመው ቀሩ፤ በመካከል ያሉት ሙሽሮች በቄስ ባርኮት በረቢ ፊርማ ሁለት ጊዜ ይጋባሉ።

ሀደራ ራሷ ሉዓላዊነት ምን እንደሆነ የምታስተምር ከተማ ናት። መሬቷን በ1890 የገዛው ኢያሱ ሐንኪን ነው፤ ሰፋሪዎቹ በ1891 ሲገቡ ያገኙት ረግረግና ወባ ነበር፤ በወባ ያለቁት ብዙ ናቸው። በኋላ ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድ በሰጠው ገንዘብ ከግብፅ የመጡ ሠራተኞች ረግረጉን አጠነፈፉት፤ ውኃውን ይመጥጥልናል ተብሎም ባሕር ዛፍ በብዛት ተተከለ። በዚያው ዘመን በዐፄ ምኒልክ ጊዜ አዲስ አበባም ባሕር ዛፍ ይተከልባት ነበር፤ እዚያ ለማገዶ፣ እዚህ ረግረግ ለማድረቅ። ከጎንደር የመጡ ሽማግሌዎች ሀደራ ላይ ያንን ዛፍ ሲያዩ የአገራቸው መስሏቸው ነበር ይባላል፤ ለሁለቱም አገር እንግዳ ዛፍ መሆኑ ይገርመኛል። ሰፋሪዎቹ መሬቱን ገዝተው ባለቤት ቢሆኑም ጌታው የኢስታንቡል ሱልጣን ነበር፤ ቀጥሎ የብሪታንያ ሞግዚት አስተዳደር መጣ፤ ከ1948 በኋላ የእስራኤል መንግሥት ሆነ፤ ሀደራም በ1952 የከተማነት ማዕረግ አገኘች። ጓሮው አንድ፣ አትክልቱ አንድ፣ ግብር የሚቀበለው ግን ሁለት ጊዜ ተቀየረ። የመሬት ባለቤትነትና ሉዓላዊነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

ቤተ እስራኤል ደግሞ ከዚህ ተቃራኒውን ያውቃል፤ ንጉሥ እያለው ርስት አልነበረውም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በነገሡት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ሰው ያባቱን ርስት እንዳይወርስ ታውጆ እንደነበር ይነገራል። በዚያ ኢትዮጵያ ውስጥ ርስት ማለት እርሻ ብቻ አልነበረም፤ የሰውነት ማስረጃ፣ በአደባባይ የመናገሪያ ቦታ፣ ዛሬ ዜግነት የምንለው ነገር አካል ነበር። ጭሰኛ ሆኖ የኖረው ቀጥቃጭና ሸማኔ በመጨረሻ መሬት ያገኘው ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገበት አዋጅ ነው፤ ዘመኑ የካቲት 1967 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 1975። በዚያው በ1975 የእስራኤል መንግሥት ደግሞ በ1950 የወጣው የመመለስ ሕግ ቤተ እስራኤልንም እንደሚመለከት ወሰነ። ስለዚህ የቤተ እስራኤል መንደር በሆነችው በአምቦበር የሚኖረው ሸማኔ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት አገር ባለመብት ሆነ፤ በሁለቱም በወረቀት ላይ። አንደኛውን መብት ይዞ ለመቆየት የዘመኑ ጦርነትና ረኃብ አላስቻለውም፤ ሁለተኛውን ለመጠቀም ደግሞ ሱዳን ድረስ በእግሩ መጓዝ ነበረበት።

እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማርሻል በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ዜግነትን በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው የግል ነጻነትና በሕግ ፊት እኩልነት፣ ሁለተኛው መምረጥና መመረጥ፣ ሦስተኛው የኑሮ ዋስትና ነው፤ በአገሩ በእንግሊዝ እነዚህ መብቶች በዚሁ ቅደም ተከተል በሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ መጡ ይላል። ጊቫት ኦልጋ ላይ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የተሰጠው ኑሮ ነው፤ ሜርካዝ ክሊታ (የስደተኞች መቀበያ)፣ ኡልፓን (የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት)፣ የቢቱዋህ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን) ገንዘብ፣ በኋላም ለቤት መግዣ ማሽካንታ (ብድር)። የመምረጥ መብትም ወዲያው ተከተለ። በመንገድ ላይ እንደማንም ሰው የመታየት መብት ግን ለልጅ ልጅ ተላለፈ። በ2015 ሆሎን ውስጥ ዩኒፎርም የለበሰ የቤተ እስራኤል ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ ታይቶ አገር የተነሣው፣ በ2019 ጁን 30 ሰሎሞን ተካ የተባለ ወጣት ኪርያት ሐይም ላይ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት ብዙ መንገዶች የተዘጉት በዚህ ምክንያት ነው። የሰልፈኛው ጥያቄ የዳቦ አልነበረም። ዳቦው ተሰጥቶታል። የጠየቀው ማርሻል ከሁሉ ቀዳሚ ያደረገውን መብት ነው።

ከሀደራ በስተምሥራቅ ወደ ዋዲ ዓራ የሚወስደው መንገድ ይነሣል፤ የዓረብ ዜጎች ከተሞች አሉበት። እነርሱ ዜጎች ናቸው፤ በ2018 በወጣው መሠረታዊ ሕግ ግን በአገሪቱ ብሔራዊ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት የአይሁድ ሕዝብ ብቻ ነው ተብሏል። ከኢትዮጵያ የመጣው ሰው ከብሔሩ ተቆጥሮ በመንገድ ላይ ይጠረጠራል፤ የዋዲ ዓራው ሰው ዜጋ ሆኖ ከብሔሩ ውጪ ይቆማል። ሁለቱም በአንድ የመታወቂያ ቁጥር ሥርዓት ውስጥ ናቸው። ብሔርና ዜግነት አንድ አለመሆናቸውን መማር የፈለገ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያይ።

ውክልናን በተመለከተ አንድ ነገር ለአገራችን አንባቢ ግልጽ ላይሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ 547 የምርጫ ክልል አለ፤ «የወረዳችን ተመራጭ» የሚባል ሰው ይታወቃል፣ ቢጠፋም ስሙ ይጠራል። ለክኔሴት (ለእስራኤል ምክር ቤት) 120 ወንበሮች ግን መላው እስራኤል አንድ የምርጫ ክልል ነው፤ የሚመረጠው ፓርቲ እንጂ ሰው አይደለም። የሀደራ እንደራሴ የሚባል የለም። ስለዚህ ማኅበረሰቡ ወኪል የሚያገኘው ፓርቲዎች ስም ዝርዝራቸው ውስጥ ሲያስገቡለት ብቻ ነው። በ1996 አዲሱ መሰላ በሠራተኛ ፓርቲ በኩል የመጀመሪያው ሆኖ ገባ፤ የዚያ ዓመት ጃንዋሪ ላይ የቤተ እስራኤል የደም ልገሳ በምስጢር ሲደፋ እንደኖረ ታውቆ ሕዝቡ ኢየሩሳሌም ላይ ወጥቶ ነበር። በ2013 ፕኒና ታማኖ ሻታ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ2020 ሚኒስትር ሆነች። ይህ ሁሉ ያስደስተኛል። ነገር ግን በፓርቲ ዝርዝር የገባ ሰው የሚጠየቀው ለዝርዝሩ አውጪ ነው፤ ቆዳው የእኛ፣ ወንበሩ የፓርቲው ይሆናል። የፖለቲካ ሐሳብ ተመራማሪዋ ሐና ፒትኪን በ1967 መጽሐፏ ሰውን መምሰልና ለሰው መሥራት የተለያዩ የውክልና ዓይነቶች መሆናቸውን ያሳየችው በደንብ አስባበት ነው።

ለዚህ ነው ለከተማ ምርጫ የበለጠ ክብደት የምሰጠው። የከተማው ከንቲባ በቀጥታ ይመረጣል፤ ዕድሜው 17 የሞላ ይመርጣል፤ ዜግነት የሌለው ቋሚ ነዋሪም ይመርጣል። ለከንቲባው ቢጫ ወረቀት፣ ለምክር ቤቱ ነጭ ወረቀት ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ከመጋረጃው ኋላ ቆመው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ የፊደሉን ቅርጽ ቤት ከተማሩት ጋር ሲያስተያዩ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ከውጪ የቆመው ሰልፈኛ ያጉረመርማል። እኔ ግን ከዚያ የበለጠ ጥንቃቄ የተሞላ ድምፅ የሚሰጥ ሰው አላውቅም። ኢሪያው (የከተማው አስተዳደር) ደጅ ነው፤ የቆሻሻ መኪና ካልመጣ፣ የትምህርት ቤቱ ክፍል ልጆቻቸውን ብቻ ሰብስቦ ከለየ፣ የመረጡትን ሰው በር ማንኳኳት ይችላሉ።

ከመንግሥት ጋር የሚገናኙት ግን በብዛት በምርጫ ቀን አይደለም፤ በቢሮ መስኮት ፊት ነው። እዚያ የሚናገረው ልጅ ነው። የ12 ዓመት ልጅ በመስኮቱና በእናቱ መካከል ቆሞ የፓኪዳዋን (የቢሮ ሠራተኛዋን) ዕብራይስጥ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ የእናቱን ሐዘንና ቁጣ ግን ያለዝባል፣ አንዳንዴም ይተወዋል። «ምን አለችህ?» ስትለው «ነገ ነይ ብላለች» ይላታል፤ ለምን ነገ እንደሆነ አይነግራትም፤ ለእርሱም አልተነገረውም። በቤቱ የአባትና የእናት ተሰሚነት የወረደው በዕብራይስጥ ምክንያት ብቻ አይመስለኝም። ልጁ ወላጁ «ለምን?» ብሎ መልስ ሲያጣ ዕለት ዕለት ስላየ ነው። ከዓመታት በኋላ ያው ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ፖሊሱን ሲጠይቅ ጥያቄውን ያመጣው ከዚያ መስኮት ነው።

ዛሬም መልስ ያላገኘው ትልቁ ጥያቄ ጎንደርና አዲስ አበባ የቀሩት ዘመዶች ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ክርስትና ከተቀበሉ ቤተሰቦች ስለሆኑ የሚያስገባቸው የመመለስ ሕግ አይደለም፤ የመግቢያ ሕግና የመንግሥት ውሳኔ ነው። በኖቬምበር 2015 ወደ 9,000 ሰው፣ በኦክቶበር 2020 ደግሞ 2,000 ሰው እንዲገባ ተወሰነ። ውሳኔው በቁጥር ይወጣል፤ ቁጥሩ በበጀትና በመንግሥት ጥምረት ድርድር ይወጣል፣ ይወርዳል። አንዱ ወንድም ገብቶ ሌላው ይቀራል። ሀደራ ያለችው እናት ግን ስለ ቁጥር አትጠይቅም፤ «የበኩር ልጄ ፋይል ለምን ተመለሰ?» ነው የምትለው። ስሙ የተጻፈበት፣ ምክንያቱ የተዘረዘረበት፣ ይግባኙን የት ቢሮ በስንት ቀን ውስጥ እንደምታቀርብ የተነገረበት መልስ ይገባታል፤ በአማርኛ፣ ማንበብ ካልቻለችም በሚነበብላት ሰው፣ የ12 ዓመት ልጇ ሳይሆን።